ምንም የማይሆንበት መጽሐፍ

«ምንም አልሆነም።» ሣራ ጄ. ማስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችውን «ኤ ኮርት ኦፍ ፍሮስት ኤንድ ስታርላይት» አንብበው ከተበሳጩ ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚወጣ ቅሬታ ነው። እውነታቸውን ነው። ጦርነት የለም፤ የሚታገት፣ የሚመረዝ፣ ከገደል አፋፍ የሚንጠለጠል ሰው የለም። ሰዎች ገበያ ወጥተው ስጦታ ይመርጣሉ። አምስት መቶ ዓመት የተሻገሩ ሦስት ጦረኞች ተራራ ላይ ወጥተው እንደ ሕፃን በበረዶ ይደባደባሉ፤ የየዓመቱ ልማዳቸው ነው። ሲመሽ እሳት ዳር ተሰብስበው ይጠጣሉ፣ ይበሻሸቃሉ፣ ስጦታቸውን ይፈታሉ። የሚደንቀው መጽሐፏን ከልባቸው የወደዷት አንባቢዎችም ይህንኑ ማለታቸው ነው፦ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን! አንዱ እንደተዘረፈ፣ ሌላው እንደተካሰ ሆኖ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሁለት አንባቢዎች በነገሩ ተስማምተው በፍርዱ እንዲህ ሲራራቁ ክርክራቸው ከመጽሐፏ አልፎ ሌላ ቦታ መድረሱ አይቀርም። እኔን የሚስበኝም ያ ሌላ ቦታ ነው።

ተከታታዩን ላላነበበ ጥቂት ልበል። በ2015 በታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ፌይራ የምትባል ድሃ ልጃገረድ ቤተሰቧን ለመመገብ ስታድን አንድ ተኩላ ትገድላለች። ተኩላው ግን ፌይ ከሚባሉት አስማተኛ ፍጡራን ወገን ነበር፤ በደሙ ዕዳ ታምሊን የተባለ ጌታ መጥቶ ወደ ግዛቱ ይወስዳታል። በ2016ና በ2017 ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። በነዚህ ሦስት መጻሕፍት ውስጥ ፌይራ ሞታ ተነሥታለች፤ ታምሊንን ትታ የሌሊቱን ግዛት ጌታ ሪሳንድን ወዳለች፤ እሷም እህቶቿም ሰው መሆናቸው ቀርቶ ፌይ ሆነዋል፤ በመጨረሻም የሃይበርን ንጉሥ ባስነሣው ጦርነት አባታቸው ተገድሏል። ሦስተኛው መጽሐፍ ሰባት መቶ ገጽ ያህል ነው። ቀጭኗ መጽሐፍ የመጣችው ከዚያ ቀጥላ ነው፤ ሲሶውን ብታክል ነው። ጦርነቱ ካበቃ ወራት አልፈዋል፤ የሪሳንድ ከተማ ቬላሪስ ቁስሏን እያደሰች ነው፤ የሚከበረው የዓመቱ ረጅሟ ሌሊት በዓል ነው። የፌይራ ልደትም በዚያው ቀን ይውላል፤ 21 ዓመት ይሞላታል።

የተበሳጩትን በቀላሉ ጥድፊያ የለመዱ፣ ትዕግሥት የሌላቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን እንደዚያ አላያቸውም። ያስለመደቻቸው ደራሲዋ ራሷ ናት። በቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ሰዎች ተረጋግተው ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ካየህ በሩ ሊሰበር ነው ማለት ነበር። የሳቅ ምዕራፍ የሐዘን ምዕራፍ ዋዜማ ነበር። እንዲህ ተገርቶ የመጣ አንባቢ ፌይራ ስጦታ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ባለሱቋን ይጠረጥራል፤ ሁሉም አንድ ቤት ሲሰበሰቡ ከሳቁ ይልቅ መስኮቱን ያያል። ገጾቹን እየገለጠ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በሩ ሳይሰበር መጽሐፏ ታልቃለች። ብስጭቱ ከፊሉ ሥራ ያጣ ንቃት ነው። ይህ ደግሞ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሁኔታ ነው፦ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሰላሙን እንደ ብልሃት ያየዋል። መጽሐፏ ውስጥ ያሉት ሰዎች ብዙዎቹ በዚህ ሕመም የተያዙ ናቸው። «ምንም አልሆነም» ብሎ የተቆጣው አንባቢ ሳያውቀው ከነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ከታሪኩ ፍጻሜ በኋላ ስለሚመጣ ገጽ መከራከር የዛሬ ነገር አይደለም። አርስቶትል በ«ፖኤቲክስ» ፍጻሜ ማለት ከሌላ ነገር ተከትሎ የሚመጣ፣ ከሱ በኋላ ግን የሚከተለው የሌለ ነው ይላል። ምናልባት በዚህ መንፈስ ይሆናል አሪስቶፋኔስና አሪስታርኮስ የተባሉት የእስክንድርያ ሊቃውንት የሆሜርን «ኦዲሲ» ይዘው ፍጻሜው እዚህ ላይ ነው ሲሉ ጣታቸውን ያሳረፉት፦ ሃያ ሦስተኛው ክፍል፣ 296ኛው ስንኝ። እዚያ ላይ ባልና ሚስት ከሃያ ዓመት መለያየት በኋላ ወደ ጥንቱ አልጋቸው ይሄዳሉ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሰጠ የአንባቢ አስተያየት ነው እንግዲህ፦ እዚህ ይብቃ፣ የቀረው ትርፍ ነው።

ትርፍ በተባለው ውስጥ ምን አለ? እርግጥ ጀግናው የገደላቸው ሰዎች ወገኖች የሚያስነሡት ግጭትም አለ፤ እሱን ልተወው። እኔ የማስበው ሽማግሌውን ላኤርቴስን ነው። ጀግናው አባቱን ፍለጋ ሲሄድ ያገኘው አትክልት ቦታ ውስጥ፣ የተጣፈ ልብስ ለብሶ፣ የአንድ ተክል ሥር ሲኮተኩት ነው። ልጅህ ነኝ ቢለው አባት ማስረጃ ይጠይቃል። መጀመሪያ ጠባሳውን ያሳየዋል፤ አሳማ ሲያድን የቆሰለውን። ከዚያ ወደ ዛፎቹ ዞሮ መቁጠር ይጀምራል፦ ልጅ ሳለሁ ከኋላህ እየሮጥኩ ስማቸውን ስጠይቅህ አሥራ ሦስት የፒር፣ አሥር የፖም፣ አርባ የበለስ ዛፍ ሰጥተኸኝ ነበር፤ ሃምሳ መደብ ወይንም ልትሰጠኝ ቃል ገብተህልኝ ነበር። ሽማግሌው ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ ዓይናውን ግዙፍ ያታለለ፣ ሙታን አገር ወርዶ የተመለሰ ሰው እዚህ ዛፍ ይቆጥራል። ለታሪኩ ሴራ ይህ ቆጠራ አንዳች አይጨምርም፤ ቢቆረጥ ክሩ አይበጠስም። ክሩ የሰፋው ልብስ ግን ለማን እንደነበር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቤቴ ሲል ቤት ያለው ምን እንደነበር ያየነው ዛፎቹ ሲቆጠሩ ነው።

ቶልስቶይም በዚህ ተወቅሷል። «ጦርነትና ሰላም» በ1869 ተጠናቆ ሲወጣ የናፖሊዮን ጦር ከሩሲያ ምድር ከተባረረ በኋላ የሚመጣ ማጠቃለያ አለው፤ ጊዜው 1820 ነው። ያቺ በዳንስ ምሽቷ አንባቢውን ሁሉ ያስከተለች ናታሻ አሁን ወፍራለች፤ ፀጉሯን ሳታበጥር በቤት ልብስ ብቅ ብላ የልጇን የሽንት ጨርቅ ታሳያለች፤ ነጠብጣቡ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ በመሆኑ፣ ሕፃኑ ስለተሻለው ደስ ብሏታል። ብዙ አንባቢ ይህን ገጽ ይቅር አላለውም። ናታሻን ገደላት የሚሉ አሉ። እኔም ቶልስቶይ ሴት ልጅን እንዲህ ወደ ቤት ጠቅልሎ ማስገባቱ አይዋጥልኝም። የሽንት ጨርቁን ግን አልሰጥም። አንድ አህጉር ሲነድ ከቆየ በኋላ የአንድ ሕፃን ሆድ መዳን ዜና ሆኖ መቆጠሩ የጦርነቱን ማብቃት ከየትኛውም የድል ደውል ይልቅ አሳምኖኛል።

ሄግል በታሪክ ፍልስፍና ትምህርቱ የደስታ ዘመናት በታሪክ መዝገብ ላይ ባዶ ገጽ ናቸው የሚል ሐሳብ አለው፤ ተቃርኖ የላቸውምና። ልቦለድም ይህን ሕግ ሳይጽፍ ያከብራል። የፍቅር ልቦለድማ ጨርሶ። ፍቅረኞቹ ከመገናኘታቸው በፊት ያለው መሰናክል ይተረካል፤ ከተገናኙ በኋላ ያለው ወይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል ወይ መቃብር። በኛው ቋንቋ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ከርእሱ ወዴት እንደሚወስደን ነግሮናል፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ጎጆ ቀልሰው፣ ወጡ አረረ፣ እንጨቱ እርጥብ ነው እያሉ ሲነታረኩ የማየት ዕድል አላገኘንም። ባገኘን ኖሮ እንወዳቸው ነበር ወይስ እንሰለቻቸው ነበር? ከባድ ጥያቄ ነው፤ ስለነሱ ብቻ ሳይሆን ስለራሳችን አወዳደድም ይጠይቃልና።

ሠርጋችን በዚህ ነገር ከልቦለዳችን ይሻላል። ድግሱ ካበቃ በኋላ መልስ አለ፤ ከዚያም ቅልቅል። ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ቤተሰብ ሄደው፣ ሆታው በርዶ፣ ዘመድ ከዘመድ ፊት ለፊት ተያይቶ ይበላል። ቀጭኗን የማስ መጽሐፍ የተከታታዩ መልስ አድርጌ ነው የማያት። በመልስ ቀን ደግሞ ማን እንደቀረ ይታወቃል። በሠርጉ ሕዝብ መሀል የተሸፈነ ኩርፊያ ያን ቀን ይወጣል፤ አለባበሱ ያማረ ግን አፉ የተዘጋ ሰው ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰው ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ለተበሳጩት የሚገባቸውን ልስጣቸው፤ መጽሐፏ በእርግጥ የምትደክምባቸው ገጾች አሏት፤ ጥቂትም አይደሉም። ፌይራና ሪሳንድ ባለጸጋ ናቸው፤ ገንዘባቸው የማያልቅ ነው። ለበዓሉ ለእያንዳንዱ ወዳጅ ስጦታ ሲመረጥ ያለው ጭንቀት ምን ይስማማው ይሆን የሚል ብቻ ነው፤ አቅም ይኖረኝ ይሆን የሚል የለበትም። ሪሳንድ ለሚስቱ ቤት የምትሠራበት መሬት በሲድራ ወንዝ ዳር ይገዛላታል። ጥሩ። በገጾቹ ላይ ግን ምንም አይንቀሳቀስም፤ ማንም ሊገዛው የማይችለውን ነገር የሚሻ ሰው የለባቸውምና። ሰላምና ጥጋብ ይለያያሉ። አንዳንድ አንባቢ ሰለቸኝ ሲል የሰለቸው ሰላሙ ይመስለዋል፤ እኔ እንደምገምተው የሰለቸው ጥጋቡ ነው።

ይህን የምለው ዛሬ ኮዚ ፋንታሲ (ምቹ ምናባዊ ልቦለድ) የሚባለው ዘርፍ በጥጋብ ላይ እንደማይቆም ስላየሁ ነው። ትራቪስ ባልድሪ በ2022 ያወጣው «ሌጀንድስ ኤንድ ላቴስ» ቪቭ የምትባል ኦርክ ሰይፏን ሰቅላ፣ ቡና በማይታወቅበት ከተማ ቡና ቤት ስትከፍት የሚተርክ ነው። (ሰውን ቡና ለማስለመድ መከራ ማየቷን አበሻ አንባቢ ፈገግ ሳይል አያነበውም።) እዚያም ዓለም የሚያጠፋ አደጋ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የፈረሰ ጋጥ መጠገን አለበት፤ ጠረጴዛ መሠራት አለበት፤ በሩ ተከፍቶ ደንበኛ የማይገባበት ቀን አለ። ምቾቱ የሚጣፍጠው ሲሠራ ስላየነው ነው። የማስ መጽሐፍ ይህ ያንሳታል። ቤቱ ሞቆ ነው የጠበቀን፤ እንጨቱን ማን እንደፈለጠው አናውቅም።

በአንድ ቦታ ግን ሥራ እናያለን፤ እዚያ ላይ መጽሐፏ ከራሷ ትበልጣለች። ፌይራ ስጦታ ስትፈልግ የአንዲት ሸማኔ ሱቅ ትገባለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ጥቁር ነው፤ ብርሃንን የሚውጥ፣ ዓይን መሬት የማያገኝበት ጥቁር፤ በላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ የብር ክር ተሸምኗል። ሴትየዋ ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም። ጥቁሩን ጨርቅ ባዶነት ብላዋለች፤ የብሩን ክር ደግሞ ተስፋ። ሥራውን እንዴት እንደቀጠለች ስትጠየቅ መልሷ መጽናናት አይደለም፤ መቀጠል ስላለባት ነው የቀጠለችው። ስሞቹን ለብቻ ካየናቸው ቀላል ተምሳሌት ናቸው፤ አንድ ወዳጄ የበዓል ካርድ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው ብሎ ስቆበታል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ቦታውን እንይ፦ ገዢዋ ጦርነቱን ካሸነፉት አንዷ ናት፤ ሻጯ በዚያው ድል ባል ያጣች ናት፤ በመካከላቸው የስጦታ ዕቃ አለ። ፌይራ ከዚያ ከወጣች በኋላ፣ ሠዓሊዋ ከተማዋ በተወረረች ጊዜ በተገደለችበት ባዶ ስቱዲዮ ገብታ ብሩሽ ታነሣለች፤ ኋላም እዚያ ጦርነት ያስደነገጣቸውን ሕፃናት ሥዕል ማስተማር ትጀምራለች። ምንም አልሆነም ለሚል አንባቢ የምመልሰው ይህን ነው፤ የሆነው ነገር ምን እንዳደረገ የሚታየው መሆኑ ካቆመ በኋላ ነው። በጦርነቱ መሀል ሸማኔዋን ለማየት ጊዜ የነበረው ማን ነው? ሰባት መቶ ገጽ ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

አሁን ጥግ ይዞ ወደተቀመጠው ሰው ልመለስ። ኔስታ የፌይራ ታላቅ እህት ናት። ከጦርነቱ በኋላ ከሁሉም ርቃ በጠበበ ክፍል ትኖራለች፤ ሌሊቱን በየመጠጥ ቤቱ ታነጋለች፤ ሒሳቡን የምትከፍለው እህቷ ናት። ወደ በዓሉ ምሽት የምትመጣው ደስ ብሏት አይደለም፤ ፌይራ ከመጣሽ የቤት ኪራይሽን እሰጥሻለሁ ስላለቻት ነው። መጥታ ትቀመጣለች፤ ከማንም ጋር አትጫወትም፤ ገንዘቧን ይዛ ትወጣለች። ከሦስቱ ጦረኞች አንዱ የሆነው ካሲያን ተከትሏት ወጥቶ ስጦታውን ሊሰጣት ሲሞክር ገፍታው ትሄዳለች፤ እሱም ስጦታውን ወደ ወንዙ ይወረውረዋል።

በዚህች ሴት ላይ ነው አንባቢ ለሁለት የተሰነጠቀው። አንዱ ወገን ምስጋና ቢስ ናት፣ የሌላውን በዓል አበላሸች ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ እህትን በኪራይ ገንዘብ ለግብዣ መግዛት ምን ዓይነት ፍቅር ነው ብሎ ፌይራን ይከስሳል። ሁለቱም ሲናገሩ የሚሰማው ቁጣ ስለ አንድ ምናባዊ ምሽት ከሚገባው በላይ ነው፤ ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሁላችንም ቤት እንዲህ ያለ በዓል አይተናል። ዝም ያለውን ሰው ዛሬ እንኳን አታኩርፍ ብለነዋል፤ ወይም ተብለናል።

ተከታዩ መጽሐፍ በ2021 ወጣ፤ ኔስታን መሀል ላይ ያስቀመጠ ነው። እዚያ አንድ ነገር እንማራለን። ኔስታ ክፍሏ ውስጥ እሳት አታነድም፤ እንጨት ሲንጣጣ የአባቷ አንገት ሲሰበር የሰማችውን ድምፅ ያስታውሳታልና። ይህን ካነበበ በኋላ ወደ በዓሉ ምሽት ተመልሶ ያላነበበ ሰው ቀጭኗን መጽሐፍ ገና አላነበባትም ብል አላጋነንኩም። የምሽቱ ሙቀት ሁሉ የሚወጣው ከምድጃው ነው። አንባቢው እግሩን ዘርግቶ የተደሰተበት፣ ምቾት የሚለውን ቃል ያስነሣበት፣ ለወዳጁ እሳት ዳር የሚነበብ መጽሐፍ ነው ብሎ የመከረበት እሳት፣ ያው እሳት፣ ለአንዷ እንግዳ አባቷ በየደቂቃው የሚሞትበት ነው። ክፍሉ አንድ፣ ማገዶው አንድ። ያን ጊዜ እኛም ከባለቤቶቹ ጋር ሆነን አኩራፊዋን በጎሪጥ አይተናል።

የአተራረኩ መደብ ይህን ከመጀመሪያው ጠቁሞ ነበር፤ ጥቂት ሰው ነው ልብ ያለው። ፌይራና ሪሳንድ «እኔ» እያሉ ይተርካሉ። ካሲያን፣ ከወዳጆቹ አንዷ የሆነችው ሞርና ኔስታ የሚታዩት በሦስተኛ መደብ፣ ከውጭ ነው። ብዙዎች ይህን መደባለቅ የደራሲዋ ግድ የለሽነት አድርገው ወቅሰዋል፤ ምናልባት በሐሳብ የተደረገ ላይሆንም ይችላል። ውጤቱ ግን አለ፦ ሙቀቱ መሀል ያሉት ራሳቸውን ይናገራሉ፤ ዳር ያሉት ይነገርላቸዋል። የኔስታ ገጾች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ሕመሟ ስም ያገኘው ሌላ መጽሐፍ ሲጻፍላት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ታምሊን ሌላው ዳር ነው፤ ከሱ ጋር ያለው ሒሳብ ግን ይከብዳል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ፍቅረኛ፣ ኋላ ፌይራን ቤት ውስጥ የዘጋባት፣ እሷም በበቀል ግዛቱን ከውስጥ ያፈረሰችበት ሰው ነው። አሁን በፈረሰ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አለ፤ አገልጋዮቹ ሄደዋል። ሪሳንድ ሄዶ ይህ ባዶ ቤት ይገባሃል ዓይነት ንግግር ይናገረዋል። ቃሉ ጨካኝ ነው፤ ተናጋሪው ደግሞ ስጦታና ሳቅ ወደሞላበት ቤት የሚመለስ ሰው ነው። ኋላ ግን ተመልሶ ይሄዳል፤ ለዚያው ሰው ሥጋ ያበስልለታል፣ ብላ ይለዋል። ይቅርታ አልተባባሉም፤ ወዳጅም አልሆኑም። አንባቢዎች እዚህም ተጣልተዋል፤ ለበደለኛ ማዘን ተበዳይን መካድ ነው የሚሉ አሉ፤ ቁጣቸውን አከብራለሁ። እኔ ግን በመጽሐፏ ውስጥ በዓል የሚለው ነገር በትክክል የተከበረው እዚያ ምግብ ላይ ይመስለኛል። በወዳጆች መካከል ያለው ስጦታ መለዋወጥ ነው፤ የሰጠ ይቀበላል። ያቺ ምግብ ግን የሚመልሳት የለም።

ስለ ንግዱ ባጭሩ ልበል። መጽሐፏ መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ልቦለድ ቅምሻ ተለጥፏል፤ ብዙ ገጽ የቀጣዩን ታሪክ መንገድ በማሳመር ላይ መዋሉም አይካድም። ሙሉ ልቦለድ ጠብቆ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ድልድይ ሸጡልኝ ቢል አልፈርድበትም። ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

የ2021ዱ መጽሐፍ ለኔስታ መድኃኒት አለው፦ ወዳጆች፣ የሰይፍ ልምምድ፣ አሥር ሺህ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በመጨረሻም እሳቱን እሳት ብቻ አድርጋ የምትሰማበት ቀን። ብዙ አንባቢ ይህን ይመርጣል፤ ለማንበብም የበለጠ ይይዛል። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን አምጣ ብባል ወደ ቀጭኗ አደላለሁ፤ በተለይ ፌይራ ምንም ሳታውቅ እሳት ማንደዷ ላይ። ፌይራን የሚወቅሱ ያልተነገራትን እንድታውቅ ይፈልጋሉ፤ ኔስታን የሚወቅሱ መናገር ያልቻለችውን እንድትናገር ይፈልጋሉ። በረጅሟ ሌሊት እንግዳ የጠራ ሰው እሳት ከማንደድ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ተከታታዩን የሚጀምሩ ሰዎች ይህችን መጽሐፍ ልዝለላት ወይ ብለው ሲጠይቁ መልሴ ያልተስተካከለ ነው፦ አትዝለሉ፤ የገበያውን ምዕራፎች ግን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማለፍ ነውር የለውም። የሸማኔዋ ሱቅ፣ የበዓሉ ምሽትና የታምሊን ባዶ ቤት ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ፤ ተከታዩን ከጨረሱ በኋላም የበዓሉን ምሽት ይመለሱበት፣ ዓይናቸውን ከወንበሩ ይልቅ ከምድጃው ሳይነቅሉ።